ስለ ቤት ጥራጊ አያያዝ

የዛሬው ንግግራችን በየጠዋቱ ከየቤታችን ስለሚወጣው ጥራጊ ነው። ነገሩ ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በተባለው ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው የአዲስ አበባ ጥራጊ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ከነቤታቸው እንደ ቀበረና አገሪቱ የሐዘን ቀን እንዳወጀች እናስታውሳለን። ያ ክምር ባንድ ሌሊት የበቀለ አልነበረም፤ ከየሠፈሩና ከየማጀቱ በጆንያ እየወጣ የተጠራቀመ ነው።

በከተማችን ከየቤቱ ከሚወጣው ጥራጊ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ይኸውም የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የሻገተ እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማና ይህን የመሰለው ነው። ይህ ርጥብ ነገር ከደረቁ ጋር በአንድ ጆንያ ሲታጨቅ ሦስት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ ወረቀቱንና ካርቶኑን አርሶ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ሦስተኛ፣ ለማቃጠል እንኳ ያስቸግራል። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ጥራጊ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በረጲ ተመርቋል፤ ርጥብ እንጨት ለምጣድ እንደማይበጅ የምታውቅ ባለሞያ ሴት ሁሉ ርጥብ ጥራጊም ለእንዲህ ያለው እቶን እንደማይበጅ ለመረዳት አይቸግራትም።

እንግዲህ ዋናው መፍትሔ ርጥቡንና ደረቁን ከመነሻው አለማገናኘት ነው። ለዚህም በማጀት ሁለት ዕቃ ማስቀመጥ ይበቃል።

ርጥቡን በሚመለከት፣ በጎፋ እንደምናየው ከፊሉ ሰው ግቢ ባለው ቤት፣ ከፊሉም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ይኖራል። ግቢ ያለው ሰው ጥላ ባለበት ስፍራ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሮ፣ ርጥቡን ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቀ ይደርድር፤ በየሁለት ሳምንቱም ያገላብጠው። ርጥበቱ ተጨምቆ የተተወ ጨርቅ ያህል ከሆነ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ለጎመንና ለጤና አዳም የሚስማማ ጥቁር ብስባሽ ይሆናል። ሥጋና አጥንት ግን ውሻና አይጥ ስለሚጠራ አይጨመርበት። በሕንፃ የሚኖሩትም ታችኛው ወለሉ በተበሳ አሮጌ ባልዲ ይህንኑ ሊሠሩ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተስማምተው በጋራው ግቢ አንድ ስፍራ ሊያዘጋጁ ይችላሉ።

ደረቁን በሚመለከት፣ አገራችን የቆየ ልማድ አላት። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው ብረቱን፣ ጠርሙሱንና አሮጌውን ጫማ ይገዛል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራም በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማም በረባሶ ይሆናል። ሃይላንድ የምንለውን የውሃ ፕላስቲክ ውስጡን አጥርተን፣ ጨፍልቀን ለብቻው ብናኖር ገዢ አያጣም። ምላጭና የጠርሙስ ስባሪ ግን የሰብሳቢዎቹን እጅ እንዳይቆርጥ በወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥራጊውን ከመነሻው ማሳነስ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ፣ የቤት አባወራም ጥራጊውን እንዲለይ አዝዞ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል ጨርሶ ከለከለ። ስለዚህ እናቶቻችን ወደ ገበያ ይዘውት ይወጡ የነበረውን ዘንቢል ከተሰቀለበት ማውረድ ይገባናል።

«እኔ ብለየውስ መኪናው ላይ መልሶ ይደባለቅ የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የሚደባለቅበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በጓሮ ብስባሽ የሆነው ልጣጭና ለቆራሌው የተሸጠው ጣሳ ከመኪናው ላይ ፈጽሞ አይደርሱም፤ የሌላውን ሰው ጎጆ በሚያሰጋ ክምር ላይም አይጨመሩም። ይህን ያህሉ በእያንዳንዳችን እጅ ያለ ስለ ሆነ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሁለተኛውን ዕቃ በማጀታችን እናኑር።