ክሮቸራው ሲናገር እንስማው

አይሱዙ ያለው ሰው ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ሲያወራ ይውላል። ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እኔ ረዥም መንገድ ካለ ግቢዬ ውስጥ ከመኪናው ስር ገብቼ እሱን ሳላይ አልነሳም።

ዘንጉ እኮ ከመበጠሱ በፊት ይናገራል። መኪናው ሲነሳ «ቋ» ካለ፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ ሲጥ ሲጥ ካለ፣ ፍጥነት ሲጨምር የጋቢናው ወለል ከተንቀጠቀጠ ክሮቸራውን ጠርጥሩ።

ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ሞተር አጥፉ፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ። ከዚያ ዘንጉን በእጅ ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። ክሮቸራው ከተላወሰ ወይም ዙሪያው ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ካለ፣ ግሪሱ አልቆ ኩሽኔታው እየተበላ ነው። የግሪስ መሙያ ካለው በአራቱም ጫፍ አዲሱ እስኪወጣ ሙሉት፤ አንዱ እምቢ ካለ መቀየር ነው። ዘንጉን የምትፈቱ ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያውን አስቀድማችሁ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ተዛንፎ ከተገጠመ ያንቀጠቅጣል።

ድንጋዩን እንደ ቀልድ አትዩት! በብዙ የአይሱዙ ኤን ፒ አር መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ይህንኑ ዘንግ ነው። ዘንጉ ከተፈታ ወይም ከተበጠሰ የእጅ ፍሬን የለም፤ ማርሽም አይዝም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ይህ ቢደርስ የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ክሮቸራ መቀየር ተወደደ ይባላል?