መርሳት ሁሉ እርጅና ነውን?

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ ደጋግመን የምናየው አንድ ነገር አለ። የማኅበራቸውን ቀን ከማንም ቀድመው ያስታውሱ የነበሩ አያት ዛሬ ማርያም ይሁን ጊዮርጊስ ግራ ይገባቸዋል፤ በወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ይጨምራሉ፤ ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን ባላቸውን «ከገበያ አልተመለሱምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ቤተ ሰቡም «እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

እርግጥ ዕድሜ ሲገፋ ማስታወስ ይዘገያል። አንድ ገበሬ መጥረቢያቸውን የት እንዳኖሩ ረስተው፥ ቆይተው ቢያገኙት በሽታ አይባልም። መጥረቢያውን ይዘው ምን እንደሚሠራ ቢጠፋባቸው፥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተመላለሱበት የቡሬ ገበያ ሲመለሱ መንገድ ቢስቱ፥ በአንድ የቡና ሰዓት ያንኑ ጥያቄ አምስት ጊዜ ቢደጋግሙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እየቆየም ቃል ይጠፋቸዋል፤ ገንዘብ መቁጠር ይሳናቸዋል፤ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ያለ ምክንያት «ሰረቃችሁኝ» ይላሉ። ሕመሙ ሲጠና መልበስና መመገብ እንኳ ያለ ረዳት አይሆንላቸውም።

እንዲህ ያለው ሁኔታ የመርሳት በሽታ ይባላል። ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው የሚመጣው በአልዛይመር ምክንያት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት መረመረ፤ ስትሞትም አንጎልዋን በማይክሮስኮፕ አይቶ ያገኘውን በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ አስረዳ። ሴትዮዋ ገና አላረጀችም ነበር፤ እንግዲህ ያገኘው ነገር እርጅና ብቻ ሊሆን አይችልም።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? አሚሎይድ ቤታ የተባለው ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት መካከል እየተጠራቀመ ይረጋል፤ ታው የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ እንደ ተወሳሰበ ፈትል ይጠላለፋል። ሕዋሳቱ መልእክት መለዋወጥ ያቅታቸዋል፤ በኋላም ይሞታሉ፤ አንጎሉም እየኮሰመነ ይሄዳል። ለውጡ ምልክቱ ከመታየቱ 20 ዓመት ያህል ቀድሞ ሊጀምር ይችላል።

አስቀድመው ከሚጎዱት ክፍሎች አንዱ አዲስ ነገር የሚመዘገብበት ሂፖካምፐስ ነው። ቤተ ሰብን የሚያታልለውም ይኸው ነው። አንድ አባት የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ሰምተን «እንዴት ታመሙ ይባላል?» እንላለን፤ እርሳቸው ግን ጧት ቁርስ መብላታቸውን አያስታውሱም። በጎተራ ብንመስለው፥ የከረመው እህል ገና አለ፤ የተበላሸው አዲሱ እህል የሚገባበት በር ነው። ውሎ አድሮ የከረመውም ይነካል።

ለበሽታው ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋልጠው ዕድሜ ነው። አፖኢ4 የተባለው የዘር ውርስም አደጋውን ይጨምራል፤ ነገር ግን ያለበት ሁሉ አይታመምም። ከዚህ ሌላ በላንሴት መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2024 ሊቀነሱ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝረው፥ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምተዋል። ከእነዚህም የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ የመስማትና የማየት ችግር፥ የጭንቅላት ጉዳት፥ ትምባሆ፥ የበዛ መጠጥ፥ የተበከለ አየር፥ ብቸኝነትና በልጅነት ትምህርት ማጣት ይገኙባቸዋል።

እስኪ ይህን ዝርዝር ይዘን የገጠር እናቶቻችንን እንመልከት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ከሠላሳ ያለፉ ጎልማሶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ፊደል አልቆጠሩም። ዕድሜ ልካቸውን በጭስ ውስጥ ጋግረዋል፤ ዐይናቸው በሞራ ወይም በትራኮማ ሲደክም ሐኪም ያላየላቸው፥ የደም ግፊታቸው አንድ ቀን ያልተለካ ብዙ ናቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፥ አንዱ ጉዳት በሌላው ላይ ተደርቧል። «እርጅና ነው» ስንል ይህን ሁሉ እንሸፍነዋለን።

ቃሉ ሌላም ጉዳት አለው። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፥ የቫይታሚን ቢ12 ማነስና የጠና ትካዜ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እነዚህ ግን የሚታከሙ ናቸው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት የሚመጣ መቃዠትም የሌላ ከባድ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይሰጠውም። ሐኪም ሳያይ ማን ይለየዋል? ጠበል የሚወስዱትን አንነቅፍም፤ ከጠበሉ ጋራ ሆስፒታልም ይውሰዷቸው እንላለን።

በሆስፒታልም የእኛ ምስክርነት ያስፈልጋል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት «የሰዓት ሥዕል ይሣሉ» ቢባሉ ፈተናው የሚለካው ትምህርታቸውን ጭምር ነው። የማኅበራቸውን ቀን መርሳት ከጀመሩ ስንት ወር እንደ ሆነ ለሐኪሙ መንገር ግን ብዙ ያስረዳል።

አልዛይመርን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀሉ አሉ። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሚመጣው ዕረፍት የምናየውን ምልክት ከነጊዜው እንጻፍ፤ አብረናቸው ወደ ሐኪም እንሂድ። «ተሳስተዋል» እያልን አንከራከራቸው፤ ረሱ ብለንም ከማኅበሩና ከሰንበቴው አናስቀራቸው። እጃቸውን ይዞ የሚያደርሳቸው ሰው ቢያገኙ ገና መሄድ ይችላሉና።