ውሻዎ ካልሲ ቢውጥስ?

የልጅዎ ካልሲ አንዱ ጠፍቶ ቡችላዎ ምግብ እምቢ ካለ፣ ነገሩን በቸልታ አይለፉት። ቡችሎች ከ3 እስከ 7 ወር ዕድሜያቸው ድረስ ጥርስ ስለሚቀይሩ ያገኙትን ያኝካሉ። የተዋጠ ካልሲ ወይም የበቆሎ ቆሮቆንዳ ደግሞ አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

ጨው በጥብጠው በማጠጣት ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ክር ቢንጠለጠል አይጎትቱት፤ አንጀቱን ሊቆርጠው ይችላል። ክብ የሰዓት ባትሪ ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ስለሚችል ጊዜ አያባክኑ።

መዋጡን እንዳወቁ፣ የተረፈውን ቁራጭ ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ሰገራ እምቢ ካለው ለነገ አይባልም።

ዛሬ ማታ ግን ካልሲዎቹን ከወለሉ ያንሱ፤ ለሚያኝከውም የራሱን መጫወቻ ይስጡት።