መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው ለምን ይሞታል?

በሩቅ ባለ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ሌሊቱን የሚዘልቅ ስሌት አስጀምረን መስመሩ ቢቋረጥ፣ ጠዋት የምናገኘው ግማሽ ላይ የቀረ ፋይል ሊሆን ይችላል። በትእዛዙ መጨረሻ የአምፐርሳንድ ምልክት አኑረን ሥራውን ወደ ጀርባ መላካችን ሁልጊዜ አያድነውም። ምልክቱ ሼሉ የሥራውን ፍጻሜ ሳይጠብቅ ቀጣዩን ትእዛዝ እንዲቀበል ያደርጋል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

ምክንያቱ የቆየ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ቤተ ሙከራዎች የተጠነሰሰውን ዩኒክስን ብዙዎች በስልክ መስመር ይጠቀሙበት ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ለሂደቶቹ ቁጥር 1 የተሰኘው የ«መስመሩ ተዘጋ» መልእክት ይላካል፤ የተለየ መመሪያ የሌለው ፕሮግራም ይህን ሲቀበል ይሞታል። ስልኩ ቢቀርም ሕጉ አልተሻረም። «ኖሃፕ» የተባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ መልእክቱን እንዳልሰማ ሆኖ እንዲያልፈው ያደርጋል (የኮምፒዩተሩ መብራት ከጠፋ ግን እርሱም አያድን!)።

በስክሪፕት ውስጥ ደግሞ ከዚህ የከፋ፣ ድምፅ የሌለው ስሕተት አለ። ሦስት የመረጃ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ በጀርባ አስደርድረን ወዲያው እናዋሕዳቸው ብንል፣ ስክሪፕቱ ገና ያላለቁትን ፋይሎች አንብቦ የተሳሳተ ውጤት ሊያስረክበን ይችላል። ከመዋሐዱ በፊት «ዌይት» ብለን ብንጽፍ ሼሉ ሦስቱንም ይጠብቃል፤ ትእዛዙን ከአንዱ ሂደት መለያ ቁጥር ጋር ስንሰጠው ያ ሥራ በሰላም መጠናቀቁን ጭምር ይነግረናል።