ጸልዩልኝ እንጂ አውጁልኝ አላልኩም

ውድ አንባቢ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ ላቅርብልዎ። ባለቤትዎ ታማ ሆስፒታል ገብታለች እንበል። እርስዎም ተጨንቀው ለኅብረት መሪዎ ይደውሉና «በጸሎት አስቡን» ይላሉ። ማታ ቤትዎ ሲገቡ ግን የሕመሟ ዓይነት፣ የተኛችበት ክፍልና ስልክ ቁጥራችሁ ሳይቀር ሦስት መቶ ሰው በሚያነበው የቴሌግራም ቡድን ላይ ተጽፎ ያገኙታል። የጻፈው ሰው ክፋት አልነበረውም፤ ያስጻፈው ፍቅር ነው። ታዲያ ባለቤትዎ ድና ስትወጣ «የእኔን ገመና ለዚህ ሁሉ ሰው ማን ነገረው?» ብትልዎ ምን ይመልሱላታል?

ይህ ጥያቄ የእኛ አጥቢያ ጉዳይ ብቻ አይምሰልዎ። በአውሮፓ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። ያደረሰውም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው።

በስዊድን የሆነው

እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ በስዊድን አገር በአንዲት አጥቢያ የእምነት ትምህርት የምታስተምር ሴት ነበረች። ተማሪዎቿ ስለ አጥቢያው የሚፈልጉትን መረጃ በቀላሉ እንዲያገኙ በማሰብ በቤቷ ኮምፒውተር የኢንተርኔት ገጾች አዘጋጀች። በገጾቹም ላይ ስለ ራሷና አብረዋት ስለሚያገለግሉ 18 ሰዎች ጻፈች። የአንዳንዶቹን ሙሉ ስም፣ ሥራቸውን፣ የቤተሰባቸውን ሁኔታና ስልካቸውን ቀለል ባለ ቀልድ እያዋዛች አሰፈረች። አንዷ የሥራ ባልደረባዋም እግሯን ተጎድታ በሕመም ምክንያት ግማሽ የሥራ ሰዓት ብቻ እንደምትሠራ ገለጠች።

ከጻፈችላቸው ሰዎች ግን ፈቃድ አልጠየቀችም። አንዳንዶቹ ቅር እንደተሰኙ ስትሰማ ገጾቹን አነሳች። ሆኖም ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። ተከሰሰች፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም 4,000 ክሮነር ቀጣት። እርሷም ይግባኝ አለች። የይግባኙ ፍርድ ቤት ሕጉ እንዴት እንደሚተረጎም በሉክሰምበርግ የሚገኘውን የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ጠየቀ። መልሱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 2003 መጣ።

ዳኞቹ ምን አሉ? አንደኛ፣ ሰውን በስሙ ጠርቶ ስልኩን ወይም ሥራውን በኢንተርኔት ገጽ ላይ ማውጣት በ1995 በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሚገዛ ተግባር ነው አሉ። ሁለተኛ፣ ሕጉ ሰው ለግሉና ለቤተሰቡ የሚጽፈውን አይነካም፤ ቁጥሩ ለማይታወቅ ሕዝብ የተገለጠ ጽሑፍ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ሊባል አይችልም አሉ። ለሃይማኖት አገልግሎት መሆኑም ከሕጉ አላወጣትም። ሦስተኛ፣ ያቺ ስለ እግር ጉዳት የተጻፈች አጭር ቃል የጤና መረጃ ናት፤ ስለዚህ የተለየ ጥበቃ ይገባታል አሉ። ዳኞቹ አያይዘውም ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትና የሰው ምስጢር መመዘን እንዳለባቸው አሳስበው ሚዛኑን ለስዊድን ፍርድ ቤት ተዉት።

ልብ ይበሉ! ሴትየዋ ስም አላጠፋችም፤ ውሸትም አልጻፈችም። የተጻፈው እውነት ነበር። ጥያቄው «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» አልነበረም። ጥያቄው «ይህ ነገር የማን ነው?» የሚል ነበር።

ሕጉ ዛሬ

ያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ ጂዲፒአር በሚባለው ጠንከር ያለ ደንብ ተተክቷል። በዚህ ደንብ የሰው ጤናና ሃይማኖታዊ እምነት ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች መካከል ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ተገቢውን ጥንቃቄ እያደረገች የአባሎቿን መዝገብ መያዝ ትችላለች፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን ወደ ውጭ አታወጣውም። ማንኛውም ሰው «ስለ እኔ ምን ይዛችኋል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። መልሱም በአብዛኛው በአንድ ወር ውስጥ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። በአውሮፓ የሚገኙ የእኛ አገር ሰዎች አጥቢያዎችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም።

ነገሩ ወደ ቤተሰብም ይገባል። በኔዘርላንድ አንዲት አያት የልጅ ልጆቿን ፎቶግራፍ በፌስቡክና በፒንተረስት ላይ አወጣች። የልጆቹ እናት እንድታነሳ ደጋግማ ጠየቀቻት፤ አያቲቱ ግን ሁሉንም አላነሳችም። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛውም ፎቶግራፎቹ እንዲነሱ፣ ካልተነሱም በየቀኑ 50 ዩሮ፣ ቢበዛ እስከ 1,000 ዩሮ እንድትቀጣ አዘዘ። ውድ አንባቢ፣ እናትና ልጅ በፎቶግራፍ ምክንያት ዳኛ ፊት መቆማቸው አያሳዝንም? በአንድ «ልለጥፈው ወይ?» በሚል ጥያቄ ሊያልቅ ይችል ነበር።

እኛስ?

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቷል። ነገር ግን ለእኛ ዳኛ እስኪያዘን መጠበቅ አይገባንም። መጽሐፈ ምሳሌ (11፥13) ታማኝ ሰው የሚታወቀው ነገርን በመሰወር እንደሆነ አስቀድሞ አስተምሮናል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንለማመድ፦

1. የጸሎት ርእስ ከማስተላለፍዎ በፊት ባለጉዳዩን ይጠይቁ። «ለማን ለማን ልንገር? ምን ያህል ልንገር?» ይበሉ። የታመመ ሰው ራሱ መናገር ካልቻለ የቅርብ ቤተሰቡን ይጠይቁ።

2. ጥቂት ይናገሩ። እግዚአብሔር የሕመሙን ስም ከእኛ መስማት አያስፈልገውም። «አንዲት እህታችን ታማለችና እንጸልይ» ማለት ለጸሎት ይበቃል።

3. ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ከቤታችሁ ምን ይወጣል? ምን አይወጣም? የልጆቻችሁ ፎቶግራፍስ? አንዳችሁ ያልፈቀዳችሁትን ሌላችሁ አታውጡት።

4. መሪዎች ሆይ፣ የአባላት መዝገብ በማን እጅ እንዳለ እወቁ። የምክር አገልግሎት የተሰጠበት ማስታወሻ በሰው ሁሉ ስልክ ላይ አይዙር።

5. «አንሱልኝ» ሲባሉ ሳይከራከሩ ያንሱ፤ ይቅርታም ይጠይቁ። ያቺ ስዊድናዊት ወዲያው ማንሳቷ መልካም አድርጋለች። አስቀድማ ብትጠይቅ ኖሮ ግን ይበልጥ መልካም ነበር።

አንዳንዶች «እንዲህ ከሆነማ የወንድማማች ፍቅር ሊቀዘቅዝ ነው» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን በተቃራኒው አያለሁ። ገመናው እንደማይወጣ ያመነ ሰው ሕመሙን ለመናገር አይፈራም። ዛሬ በየአጥቢያችን በልጅ ማጣት፣ በትዳር ጠብ፣ በማይነገር በሽታ ብቻቸውን የሚያለቅሱ አሉ። ለምን አይናገሩም? ነገ በስልካችን ላይ እንዳያነቡት ይፈራሉና።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልክዎን ያንሱና ያስተላለፏቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ ይመልከቱ። የሌላ ሰው የሆነ ነገር ካገኙ ይሰርዙት። ለባለቤቱም ይደውሉለት።