ባንኩን ያናጋው ሌባ አልነበረም፦ ዳታቤዝ ሰርቨርን ስለማስተዳደር

ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንዳንድ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት እንደሚቻል ደረሱበት። ወሬው ከዶርም ዶርም ዞረ፤ ኤቲኤም ደጅ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው በእነዚያ ሰዓታት 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች ተካሂደዋል፤ ያላግባብ የወጣው ደግሞ 801 ሚሊዮን ብር አካባቢ ነበር። አብዛኛው ተመልሷል። የሳይበር ጥቃት ግን አልነበረም። መነሻው የተለመደ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ነው።

ሰርቨር ስለመጠበቅ ሲወራ ሁላችንም ጥቁር ኮፍያ ያጠለቀ ሃከር ነው የሚታየን። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱ የሚመጣው ቁልፉ በእጁ ካለ ሰው፣ ያውም ጥገና ላይ እያለ ነው።

እስቲ ከቀላሉ እንነሳ። ሆሳዕና ያለች ቆጮ ነጋዴ ዱራሜ ላለ ደንበኛዋ 500 ብር ላከች እንበል። ለዳታቤዙ ይሄ ሁለት ሥራ ነው፦ ከእሷ መቀነስ፣ ለእሱ መጨመር። በመሃል መብራት ቢጠፋስ? ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ትራንዛክሽን ከታሰሩ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም። ፖስትግሬስ የተባለው ነፃ ዳታቤዝ ለምሳሌ ዋናውን ፋይል ከመንካቱ በፊት ለውጡን በመዝገብ መልክ ዲስክ ላይ ይጽፋል። መብራት ሲመለስ መዝገቡን ያነባል፤ የጸደቀውን ይጨርሳል፣ ያልጸደቀውን እንዳልነበረ ይቆጥራል። (‘ኤፍሲንክ’ የሚባለውን መቼት ብታጠፉት ሰርቨሩ ይፈጥናል። እንዳትነኩት! መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ያ መዝገብ ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጥላችሁ እሱ ነው።)

‘ሂሳብ ከዜሮ በታች አይወርድም’ የሚለው ሕግስ የት ይጻፍ? ብዙ ጀማሪዎች አፕሊኬሽኑ ውስጥ ብቻ ይጽፉታል። አፕሊኬሽን ግን በየጊዜው ይቀየራል፤ ሲቀየር ሕጉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እኔ ሠንጠረዡ ላይም ይጻፍ ባይ ነኝ፤ ያኔ ትዕዛዙ ከየትም ይምጣ ከየት ሰርቨሩ ራሱ እምቢ ይላል።

ፈቃድም እንደዚሁ ነው። ሪፖርት ብቻ ለሚያነብ ሰው የማንበብ ፈቃድ ይበቃዋል፤ የመሰረዝ መብት ምን ሊያደርግለት? የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ለሁሉም ማደል የመጋዘን ቁልፍ በር ላይ እንደመስቀል ነው። ፖስትግሬስ ሲጫን የሚያዳምጠው የራሱን ማሽን ብቻ ነው። ‘አልገናኝ አለኝ’ ብላችሁ ለመላው ኢንተርኔት እንዳትከፍቱት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም የሰው ስህተት ይቀራል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ውስጥ አንድ ባለሙያ በሌሊት ችግር ሲያስተካክል መጠባበቂያውን ሰርቨር ያጸዳ መስሎት የዋናውን ዳታ መሰረዝ ጀመረ። ሲባንን ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ባክአፕ አልነበራቸውም እንዳትሉ፣ በየቀኑ ‘ይወሰድ’ ነበር። የባክአፕ ፕሮግራሙ ስሪት ግን ከሰርቨሩ ስሪት ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ሥራው በየጊዜው ይከሽፋል። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ሳይደርሱ ይቀሩ ነበር። ያዳናቸው ለሙከራ ሲባል ከስድስት ሰዓት በፊት በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው ዳታ ጠፋ።

ይሄን ሙያ ለመልመድ የባንክ ማሽን አያስፈልግም። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አንጋጫ ካለ ቤታችሁ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፖስትግሬስ ይሠራል፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። የአገራችን ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ2 ራሱ በዚሁ ዳታቤዝ ላይ ነው የተሠራው።

የመጀመሪያ መልመጃችሁ ይሄ ይሁን። ትንሽ ዳታቤዝ ሥሩ፣ ባክአፕ ውሰዱ፣ ባክአፑን ሌላ ላፕቶፕ ላይ መልሳችሁ ጫኑ፤ ረድፎቹን ቆጥራችሁም ከዋናው ጋር አመሳክሩ። መሰረዝን ስትለማመዱ ደግሞ መጀመሪያ ትራንዛክሽን ክፈቱ፣ ስንት ረድፍ እንደተነካ እዩ። 3 ጠብቃችሁ 3,000 ካያችሁ ‘ሮልባክ’ በሉ።