ትንሽ የሸራ ጀልባን ለሌሊት የባሕር ጉዞ ስለ ማዘጋጀት



እ.ኤ.አ. በኦገስት 1979 ከእንግሊዝ ተነሥቶ በአየርላንድ ዳርቻ ያለውን የፋስትኔት ዐለት ዞሮ በሚመለሰው ውድድር 303 የሸራ ጀልባዎች ተሰለፉ። ማዕበሉ 15 ተወዳዳሪዎችን ገደለ። ተሳፋሪዎቻቸው ጥለዋቸው ከወጡ 24 ጀልባዎች ግን 19ኙ ኋላ ሳይሰጥሙ ተገኙ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ከሁሉ የሚቀድመው ነፍስ አድን ጀልባዋ ራሷ መሆኗን ነው። ስለዚህ መዘጋጀት ማለት በጨለማ ከእርሷ እንዳንለይ የሚያስችለንን ሁሉ በብርሃን መፈጸም ነው። አንደኛ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚያስገባው መውረጃ ሳንቃዎች ጀልባዋ ብትገለበጥም እንዳይወልቁ ከውስጥም ከውጭም የሚጠብቁ ይሁኑ፤ ውኃ በብዛት የሚገባው በዚያ ነውና። ሁለተኛ፣ ተረኛው ገና ከመውረጃው ሳይወጣ የደኅንነት መታጠቂያውን ከጠንካራ ማሰሪያ ጋር ያያይዝ፤ በሌሊት ባሕር ውስጥ የወደቀን ሰው ፈልጎ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው። ሦስተኛ፣ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ በስተኋላ ነጭ የሆኑት መብራቶች ይፈተሹ። አራተኛ፣ እያንዳንዱ እንቅልፍ እንዲያገኝ የጥበቃ ተራ ይደልደል፤ ነፋስ የሚያሰጋ ከሆነም ሸራው ሳይመሽ ይቀነስ።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለባሕርም ይሠራል፤ በወደብ ያልተጠበቀ ብሎን በእኩለ ሌሊት አይጠብቅም።